«ለኔ ዕድሜ ክትባት ምን ያደርግልኛል?»

ይህን ጥያቄ ከአንድ አዛውንት አፍ ሳይሰማ የቀረ የአዳማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ2013 ዓ.ም የኮሮና ክትባት ሲመጣ ተጠየቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም፣ «አስትራዜኔካ ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ» የሚል ወሬ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ድንጋጤ ተጨምሮበት ተመልሶ መጣ። ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ ጎረቤቴ ሁለቱንም ዶዝ ወስደው ስለነበር ስልካቸውን ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ አንተ ሕግ የተማርህ ነህ፤ ይኸው አምራቹ አምኗል ይላል። እኛ የተወጋነው ምን ልንሆን ነው?» አሉኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። «አመነ» የሚለውን ቃል ግን የኔ ሙያ ያውቀዋል። በፍትሐ ብሔር ክርክር ፍሬ ነገርን ማመንና ኃላፊነትን ማመን የተለያዩ ናቸው። «አዎን፣ መኪናዬ በዚያ መንገድ አልፏል» ያለ ተከሳሽ «ሰውዬውን የገጨሁት እኔ ነኝ፤ ካሣም እከፍላለሁ» ማለቱ አይደለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ ለለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቀረበው መልስ የሚለው ይህን ነው፦ ክትባቱ እጅግ አልፎ አልፎ የደም መርጋትን ከደም አርጊ ሕዋሳት መቀነስ ጋር ሊያስከትል ይችላል። ይህ ደግሞ ፍርድ ቤት ውስጥ የወጣ ምሥጢር አልነበረም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2021 ይኸው ችግር እጅግ አልፎ አልፎ ከሚታዩ የጎንዮሽ ጉዳቶች መካከል እንዲጻፍ ወስኗል፤ ያኔ እኛ አገር ክትባቱ ከተጀመረ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። በግንቦት 2024 ኩባንያው ክትባቱን ከገበያ ሲያወጣ የሰጠው ምክንያት አዳዲስ ዝርያዎችን የሚመለከቱ ሌሎች ክትባቶች በዝተው የሱ ፈላጊ ጠፋ የሚል ነው። ወሬው ግን ሁለቱን ዜና አንድ ላይ ሰፍቶ «መርዝ ስለነበር ተሰበሰበ» አደረገው።

ለጎረቤቴ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅማቸው አንድ ነገር ነበር። ይህ የደም መርጋት በአብዛኛው የታየው ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በ2013 ተወግቶ በ2016 ደኅና ሆኖ ስልኩን የሚያነብ ሰው በዚህ ምክንያት የሚፈራው ነገር የለውም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ፤ ወዲያው ግን፣ «እሺ፣ ለነገውስ? ሌላ ውሰዱ ቢሉን?» አሉ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ክትባቱ በአዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ከሳምንት በፊት፣ የካቲት 28፣ በኮቫክስ በኩል 2 ሚሊዮን 184 ሺሕ ዶዝ ቦሌ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ የጤና ሠራተኞች፣ ከዚያ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ ከዚያም ከ55 እስከ 64 ሆነው ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ተራ ተሰጣቸው። ይህን ተራ ብዙ አዛውንት በጥርጣሬ አዩት። «ለምን ከኛ ተጀመረ? መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው?» የሚለውን ስንቴ ሰማሁት መሰላችሁ። ቅደም ተከተሉ ግን የመጣው ከሞት መዝገብ ነው። ኮሮና ወጣቱን ብዙ ጊዜ እንደ ጉንፋን ነክቶ ሲያልፍ ከስድሳ በላይ የሆነውን፣ ይልቁንም ስኳርና ግፊት ያለበትን፣ በብዙ እጥፍ ይገድል ነበር። በኛ አገር በይፋ የተመዘገበው ሟች ከ7 ሺሕ 500 ይበልጣል፤ ቤቱ ሞቶ ሳይመረመር የተቀበረው በዚህ ውስጥ የለም።

ጥርጣሬውን ያባባሰው ከውጭ የሚሰማው ዜና መዘበራረቁ ነው። ጀርመንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ በጥር 2021 መጨረሻ የአገሪቱ የክትባት ኮሚቴ አስትራዜኔካ ከ65 ዓመት በታች ላሉ ብቻ ይሰጥ አለ። በመጋቢት 30 ደግሞ ተገላቢጦሽ፦ ከ60 በላይ ላሉ ብቻ። አዳማ ላይ ቡና እየጠጣ ይህን የሰማ ሰው «እነሱ ራሳቸው አያውቁም» ቢል ይፈረድበታል? ምክንያቱ ሲነገር ግን ተቃርኖው ይፈታል። መጀመሪያ የተከለከለው በሙከራው ላይ የተሳተፉ አዛውንት ጥቂት ስለነበሩና መረጃው ስላልበቃ ነው፤ ጉዳት ስለተገኘ አልነበረም። በመጋቢት መጀመሪያ መረጃው ሲሟላ ለአዛውንቱም ተፈቀደ። ኋላ ለወጣቱ የተከለከለው የደም መርጋቱ በብዛት የታየው በወጣቶች ላይ ስለሆነ፣ ወጣቱ ደግሞ ከበሽታው የሚደርስበት አደጋ ትንሽ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ በተሰበሰበው መረጃ ይህ ጉዳት የደረሰው ከመቶ ሺሕ ተከታቢ አንድ ወይም ሁለት ሰው ገደማ ላይ ነው። ለሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ይህ ቁጥር የሚያሳስብ ሊሆን ይችላል። ለሰባ ዓመት የስኳር ታማሚ ግን ሚዛኑ በሌላ በኩል ይደፋል።

እንግዲህ በኔ አስተያየት የአዛውንቶቻችን ስህተት ፍርሃታቸው አይደለም፤ መፍራትስ ተገቢ ነው። ስህተቱ የማስረዳት ሸክሙን በሙሉ በክትባቱ ላይ ጥለው በሽታውን በነፃ ማሰናበታቸው ነው። ክትባቱ «አንድም ሰው አልጎዳም» ብሎ እንዲምል ይጠየቃል፤ በሽታው ግን ምንም አይጠየቅም። «ትንሽ ቆይቼ ልየው» የሚለውም ውሳኔ ነው፤ ለበሽታው የተሰጠ ቀጠሮ። ክትባት ተወስዶ ሰውነት እስኪዘጋጅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ወረርሽኙ ሠፈር ከገባ በኋላ ተሰልፎ መወጋት ዝናብ ከጀመረ በኋላ ጣራ መክደን ነው። «እኔ ከቤት አልወጣም» የሚሉም አሉ። አዳማ ግን የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚያልፍባት፣ ከየክልሉ የመጣ ስብሰባተኛ ሆቴሎቿን የሚሞላባት ከተማ ናት። አያት ባይወጡ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ይገባል፤ ያውም በአንድ ክፍል ነው የሚያድሩት።

ስለ መብት ደግሞ የሚጠይቁኝ አይጠፉም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 20 ማንኛውም ሰው ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በዚያው ቁጥር ሥር ግን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ምርመራን ወይም ክትባትን ግዴታ የሚያደርጉ ሕጎችን ይህ መብት አይነካም ይላል። ሕጉ ሲወጣ ፈንጣጣ ገና በየአውራጃው ነበር፤ አርቃቂዎቹ ክትባትን በስም የጠሩት በከንቱ አይመስለኝም። በኮሮና ጊዜ መንግሥት ይህን በር ከፍቶ አዛውንቱን አላስገደደም፤ ምርጫው ለየራሳቸው ተተወ። ምርጫ የተሰጠው ሰው ግን ፍሬ ነገሩን የማወቅ መብትም አለው። ጤና ጣቢያ ውስጥ «ይውሰዱ፣ ይጠቅምዎታል» ብቻ ተብሎ የተወጋ ሰው ፈቃዱን ሰጠ ማለት ይከብደኛል። ምን ዓይነት ክትባት እንደሆነ፣ ምን ሊሰማው እንደሚችል፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት ሊነገረው ይገባ ነበር። ወሬ የገባው ይህ ባልተነገረበት ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝን ልጨምር። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቢሾፍቱን ያልፋሉ። ለከብት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ እዚያ አለ፤ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም እዚያው ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የበሬውን ዘር አጥፍቶ ክፉ ቀን ያመጣብን የከብት ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባት ኃይል ነው። የሉሜና የቦሰት ገበሬ ላሙን ነድቶ ሲያስከትብ «የዚህ ክትባት አምራች ማን ነው? ላሜን በሁለት ዓመት አይገድላትም ወይ?» ብሎ ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም። ያልተከተበች ላም ምን እንደምትሆን ስላየ ነው። እኛስ? የምንጠጣውን ውሃ እንኳ አንጠይቅም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ነው፤ ጥርሳችን ይመሰክራል፤ ወንጂ ላይ ለረጅም ዓመታት የጠጡት የፋብሪካ ሠራተኞች አጥንታቸው ጭምር ተጎድቷል። የለመድነው አደጋ አደጋ አይመስለንም።

በነገራችን ላይ «ክትባት»ና «ክታብ» የአንድ ቃል ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም «ከተበ» ከሚለው፣ ከመጻፍ፣ የመጡ ናቸው። ክታቡ በአንገት ይንጠለጠላል፤ ክትባቱ ቆዳ ላይ ይጻፍ ነበር። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው እጅጌውን ቢሰበስብ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ሊያገኝ ይችላል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም ነው። መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬው አዛውንት በሕፃንነቱ የዛሬዎቹን ልጆች ክትባት ያገኘ ትውልድ አይደለም፤ «እኛ ድሮ ተከትበን ጨርሰናል» የሚለው አባባል ልክ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል «የቀረበላችሁን ሁሉ ተወጉ» ማለቴ አይደለም። ክትባት ከክትባት ይለያል። የቢጫ ወባ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ከስድሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱት ሰዎች ከባድ ጉዳት የመድረሱ ዕድል ከወጣቱ ይልቅ ከፍ ይላል። ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ውጭ የሚሄዱ እናት ካርዱ ስለተጠየቀ ብቻ ከመወጋታቸው በፊት ዕድሜያቸውንና የሚወስዱትን መድኃኒት ለሐኪም መንገር አለባቸው። ወደ ሐጅ የሚሄዱ አባት ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት የሳዑዲ ግዴታ ነው፤ እጅግ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ለሚውልበት ቦታ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሻሸመኔ ላይ በ2007 ዓ.ም የተሰጠው በአፍ የሚወሰድ የኮሌራ ክትባት ከተገደለ ተሕዋሲ የተሠራ ነው፤ ከአንድ ዓመት ሕፃን እስከ አዛውንት ይሰጣል። ተቅማጥ ፈሳሽ ሲያሳጣ ቶሎ የሚደክመው ሽማግሌው ነውና ዘመቻው በመጣ ጊዜ «ይህስ ለልጆች ነው» ብሎ መቅረት አያዋጣም።

ኮሮናስ? የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታውን በግንቦት 2023 አንስቷል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ግን አዛውንቶችን ከፍተኛ ቅድሚያ በሚሰጠው ምድብ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከመጨረሻው ዶዝ ከስድስት ወይም ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ተጨማሪ እንዲወስዱ መክሯል፤ የሽማግሌ ሰውነት የተማረውን ቶሎ ይረሳልና። ለጎረቤቴ «ለነገውስ?» የመለስሁላቸው ይህን ነው፦ ሲመከሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ በሽታው በኔ ዕድሜና በኔ ስኳር ምን ያደርጋል? ክትባቱስ በኔ ዕድሜ ምን አድርጓል? ከወሰድሁ በኋላ ምን ባይ ልመለስ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ከመርፌው በፊት ይናገሩ።

የመጨረሻው የሕግ ሰው ምክር ነው። ለኮቫክስ ክትባቶች ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች ጥፋተኛ ማን ነው ሳይባል ካሣ የሚከፍል፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2021 ተቋቁሞ ነበር። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ክስ ሳይመሠርት በማመልከቻ የሚጠይቅበት መንገድ ነው። በአዳማ ይህን የሚያውቅ ሰው ስጠይቅ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። እንዲህ ያለ መብት ደግሞ ያለ ማስረጃ አይጠየቅም፤ የክትባቱ ስም፣ የባች ቁጥሩና ቀኑ የተጻፈባትን ያችን ትንሽ ካርድ ከቤት ካርታውና ከጡረታ ደብተሩ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጧት።