የንስሮች የመኸር ጉዞ በሳተላይት ሲታይና የገበሬው ድርሻ

ባኮ፤ ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ክረምቱ አልፎ መስቀል ከተከበረ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በምዕራብ ሸዋ በባኮ ዙሪያ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው አዳኝ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያንዣብቡ ያያል። የአካባቢው ገበሬ ትልቁን «ሪሳ»፣ አነስ ያለውን «ጩሉሌ» ይለዋል፤ በአማርኛ ንስርና ጭልፊት መሆናቸው ነው። ከእነዚህ መካከል ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ አሉ። በዚህ ወቅት ከሚታዩት ውስጥ ግን አያሌዎቹ የሩቅ አገር እንግዶች ናቸው። በሩሲያና በካዛኪስታን ሜዳዎች ተፈልፍለው፣ የአገራቸው ብርድ ሳይጠናባቸው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚመጡ ናቸው።

እነዚህ ወፎች ከየት ተነሥተው በየት በኩል እንደሚመጡና በምን ምክንያት እንደሚሞቱ ዛሬ በሳተላይት አማካይነት ማወቅ ተችሏል። የተገኘው ውጤትም ከሳይንቲስቱ አልፎ በቆሎውን ከአይጥ ለማዳን የሚታገለውን የባኮን ገበሬ የሚመለከት ሆኖ ተገኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቆጠራ ወደ ክትትል

ንስርን የመሰለ ከባድ ወፍ ረጅም መንገድ የሚጓዘው ክንፉን እያራገበ አይደለም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሽቅብ በሚወጣው አየር ላይ ተንሳፎ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ወደፊት እያንሸራተተ ይወርዳል። ይህን እየደጋገመ ጉልበቱን ቆጥቦ ይጓዛል። በሰፊ ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለውን አየር እንደ ልብ ስለማያገኝ ጠባቡን መሻገሪያ ይመርጣል። ከዐረቢያ ወደ አፍሪካ ቀንድ ለሚሻገሩት አመቺው በር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ነው።

በ1987 ጄፍሪና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት በጅቡቲ በኩል ሆነው፣ ከጥቅምት መግቢያ እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ የሚሻገሩትን አዳኝ ወፎች ቆጠሩ። በአምስት ሳምንት ገደማ ያገኙት ቁጥር ከ240,000 በላይ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከ76,000 የማያንሱት የስቴፕ ንስር የሚባለው ዓይነት ነበሩ። ይሁን እንጂ ቆጠራ የሚናገረው በበሩ ስንት እንዳለፈ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ወፍ ከየት እንደተነሣና ወዴት እንደሚያቀና አይናገርም።

ይህን ክፍተት የሞላው ሳተላይት ነው። በሳተላይት የሚጠራ መሣሪያ በወፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰረው በ1984 በአሜሪካ በአንድ ንስር ላይ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ በርንድ ኡልሪክ ማይቡርግ የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሳዑዲ ዐረቢያ በተያዙ የስቴፕ ንስሮች ላይ መሣሪያ አስረው ለቀቁ። የተደረሰበትም ውጤት አስገራሚ ነው። ንስሮቹ በመኸር በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ አፍሪካ ይገባሉ፤ ሲመለሱ ግን በሰሜን በስዊዝና በሲና በኩል ይዞራሉ። ባንዱ በር ገብተው በሌላው በር እየወጡ ቀይ ባሕርን ይከቧታል ማለት ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

መሣሪያው ተማሪ ቦርሳውን እንደሚያዝል በወፉ ጀርባ ላይ ይታዘላል። ክብደቱ ከወፉ ክብደት ከመቶ ሦስት እጅ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ይህም ለ3 ኪሎ ንስር ከ90 ግራም የማይበልጥ ማለት ነው። ባትሪውን በፀሐይ ኃይል ይሞላል። ያለበትን ቦታ ከሳተላይት እየተቀበለ ይመዘግብና መዝገቡን በሳተላይት ወይም በሞባይል ስልክ መልእክት ለባለሙያዎቹ ይልካል።

በስልክ የሚልከው ዓይነት አንድ ጊዜ ባለቤቶቹን ከባድ ዕዳ ውስጥ ከቷቸው ነበር። በ2019 ሚን የተባለች የስቴፕ ንስር ኔትዎርክ በሌለበት የካዛኪስታን ሜዳ ስትቆይ መልእክቷ ተጠራቀመ። ኢራን እንደገባች የወራቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ መላክ ጀመረች፤ የአንዱ መልእክት ዋጋ ደግሞ 49 ሩብል ነበር። የሩሲያ ተመራማሪዎች ለንስሮቹ ሁሉ የያዙት ገንዘብ አለቀባቸው። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣላቸው፤ የስልክ ድርጅቱም ዕዳውን ሰረዘላቸው።

መንገዱ ብቻ ሳይሆን ሞቱም ታየ

መሣሪያው ወፉ ሲሞትም ይናገራል። ወፉ ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀስ ቀናት ሲያልፉ ባለሙያዎች ሄደው ሬሳውን ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱንም ይመረምራሉ።

የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ነጭ ላባና ቢጫ ፊት ያለው ትንሽ ጥንብ አንሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2018 በታተመ ጥናት 45 ወፎች ያደረጓቸው 75 ሙሉ ጉዞዎች ተመርምረው፣ ባብ ኤል መንደብና የስዊዝ አካባቢ ዋነኞቹ መተላለፊያዎች መሆናቸው ተረጋግጧል። ከቱርክና ከባልካን አገሮች የሚመጡት አያሌዎቹ የሚከርሙት በአገራችን ነው። በአፋር ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ሲያድሩ ተቆጥረዋል።

ምሰሶው ማደሪያ የሆነውን ያህል መግደያም ይሆናል። በሱዳን በፖርት ሱዳን አቅራቢያ በ1950ዎቹ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ለብዙ ዓመታት እነዚህን ወፎች ሲፈጅ ኖሮ፣ በ2014 አገልግሎቱ እንዲቋረጥ ተደርጓል። ሁለተኛው ጠላት መርዝ ነው። በ2019 በቦትስዋና ሕገ ወጥ አዳኞች መርዝ ባደረጉባቸው ሦስት የዝሆን ሬሳዎች ምክንያት 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተዋል። የግብፅ ጥንብ አንሳም የስቴፕ ንስርም ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ወገን ተመድበዋል።

ለባኮ ገበሬ ምን ይበጃል?

ባኮ የበቆሎ አገር ነው። ከአዲስ አበባ በነቀምቴ መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል በአገሪቱ የታወቀውን ቢ.ኤች. 660ን የመሳሰሉ ዝርያዎች ያወጣ ነው፤ «ቢ.ኤች.» ሲባልም «የባኮ ሃይብሪድ» ማለት ነው። በቆሎ ባለበት ግን አይጥ አለ። ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለና ባልደረቦቻቸው በዝዋይ አካባቢ የበቆሎ ማሳዎች ላይ አድርገው በ2003 ያሳተሙት ጥናት፣ አይጠ መጎጥ የሚያደርሰው ጥፋት የምርቱን ሩብ ያህል እንደሚደርስ ገምቷል።

እንግዶቹ ወፎች የሚመጡት በቆሎው በሚደርስበትና በሚታጨድበት ጊዜ ነው። የስቴፕ ንስር አይጥ ያድናል፤ ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ሲፈላም መሬት ላይ ወርዶ ይለቅማል። ትናንሾቹ የጭልፊት ወገኖች አንበጣና ፌንጣ ይበላሉ። ጫጩት የሚነጥቀው በብዛት ጅራቱ እንደ መቀስ የተከፈለውና በመንደር የሚያንዣብበው ጭልፊት ነው። በእርሱ ጥፋት የማሳውን ንስር በድንጋይ ማሳደድ የዋለለትን መበደል ይሆናል።

ስለዚህ በየቀበሌው የሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የሚከተሉትን ልብ ሊሉ ይገባል።

አንደኛ፣ የአይጥ መርዝ መጠቀም ግድ ከሆነ በባለሙያ ምክር ይሁን። የሞተውን አይጥም ጧት ጧት ለቅሞ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ያስፈልጋል። መርዝ የበላች አይጥ ተንገዳግዳ ስትወጣ ለንስሩ ቀላል ግዳይ ትሆናለችና።

ሁለተኛ፣ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ መርዝ ማድረግ ፈጽሞ መቆም አለበት። አንድ የተመረዘ ሬሳ የሚገድለው የታሰበበትን አውሬ ብቻ አይደለም፤ ለቤት እንስሳና ለልጆችም አደጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የሞቱ ትልልቅ ወፎች ሲገኙ ምሰሶው የቱ እንደሆነ ለቀበሌው ማስታወቅ ይጠቅማል። ሽቦው በመከለያ ሲሸፈን ወፉም ይድናል፤ መብራቱም ከመቋረጥ ይተርፋል።

አራተኛ፣ በጀርባው መሣሪያ ወይም በእግሩ ቁጥር ያለበት ቀለበት ያለው ወፍ ቢገኝ መሣሪያውን መፍታትም መስበርም አይገባም። በ2012 በሱዳን እንዲህ ያለ መሣሪያ የተገኘበት ጥንብ አንሳ ሰላይ ነው ተብሎ መያዙ ይታወሳል። መሣሪያው ግን የወፉን መንገድ ከመመዝገብ ሌላ ሥራ የለውም። የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ የቀለበቱንም ቁጥር ጽፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስረከብ በቂ ነው።

መሣሪያ የታሰረላቸው ወፎች ጥቂቶች ናቸው፤ ያለ መሣሪያ የሚያልፉት ግን እልፍ ናቸው። ሳይንቲስቱ ከሩቅ ሆኖ ንስሩ ዛሬ የት እንዳደረ ያውቃል፤ ከመርዝ ሊያድነው ግን አይችልም። ይህን ማድረግ የሚችለው ንስሩ ያረፈበት ማሳ ባለቤት ነው። መጪው የአጨዳ ወቅት ሲደርስ የሞቱ አይጦችን መቅበሪያ ጉድጓድ በየማሳው ዳር አስቀድሞ መቆፈር የዚህ ሥራ መጀመሪያ ይሁን።