የጄኔቫ ጉባኤና የወረታ ወፍጮ

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻዋን ያቀረበችው በጥር ወር 1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በዜና ሲነሣና ሲረሳ ያየ፣ አንድ ጊዜ «ተቃርበናል» ሌላ ጊዜ «ገና ነን» ሲባል የሰማ፣ አንዱ ወገን ድርጅቱን የብልጽግና ደጅ ሌላው የባዕዳን ወጥመድ አድርጎ ያቀረበለት አንባቢ፣ ጉዳዩን ለባለሙያዎች ትቶ ወደ ዕለት ሥራው ቢመለስ የሚነቀፍ አይደለም። የአገሪቱን የውጭ ንግድ ሥርዓት የሚገልጸው ሰነድ በ1999 ዓ.ም. ቀረበ፤ የድርድሩ ጉባኤ በግንቦት 2000፣ በ2003 እና በመጋቢት 2004 ተቀመጠ፤ ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ጸጥታ ሆነ፤ በጥር 2012 እንደገና ተቀመጠ፤ እንደገናም ጸጥታ ሆነ፤ አምስተኛው ጉባኤ በመጋቢት 2017 በጄኔቫ ተደረገ። የመዘግየቱን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች ናቸውና ለእነርሱ ልተውላቸው። እኔ የምጽፈው ከጣና ዳር ስለ ሆነ፣ ጥያቄውን ከጄኔቫ አዳራሽ ሳይሆን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ካለችው ከወረታ ከተማ መጀመር ይሻለኛል።

በቅድሚያ ግን ስለ ድርጅቱ ጠባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ከዓለም ባንክ ጋር እያደባለቀ ይመለከተዋልና። የዓለም ንግድ ድርጅት የሚያበድር፣ ግድብ የሚያሠራ ወይም ማዳበሪያ የሚያከፋፍል አይደለም። ሀብቱ ሕግ ነው፤ ከ160 የሚበልጡት አባሎቹ አንዱ የሌላውን ሸቀጥ በምን ያህል ቀረጥ እንደሚቀበል የሚዋዋሉበትና ከዚያ ጣሪያ ላለማለፍ ቃል የሚገቡበት ማኅበር ነው። ለድኾች አገሮች የሚሰጠው ድጋፍም ከዚሁ ጠባዩ የሚመነጭ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1964 ዓ.ም. ባወጣው የዝቅተኛ ዕድገት አገሮች መዝገብ ውስጥ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ስለ ሆነች፣ በዚህ ማዕርግ (ማዕርግ ከተባለ) ቀረጧን በዝግታ እንድታወርድ፣ ከባዱንም ግዴታ ዘግይታ እንድትፈጽም ይፈቀድላታል። በታኅሣሥ 1998 በሆንግ ኮንግ የተሰበሰቡት የንግድ ሚኒስትሮች ደግሞ ባለጸጎቹ መንግሥታት ለድኾቹ ወደብ፣ ጉምሩክና ቤተ ሙከራ የሚውል «የንግድ ርዳታ» እንዲሰጡ ተስማሙ፤ ገንዘቡ ግን ከድርጅቱ ካዝና የሚወጣ ሳይሆን ከሌሎች ኪስ የሚለመን ነው። በየካቲት 2009 የጸናው የንግድ ማቀላጠፊያ ስምምነት ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይታየኛል፤ በእርሱ መሠረት ድኻው አገር የትኛውን አንቀጽ በራሱ ዐቅም፣ የትኛውን ርዳታ ሲያገኝ ብቻ እንደሚፈጽም ራሱ ይወስናል። ከዚህ ጎን ለጎን በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ ድርጅቱና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ የሚያስተዳድሩት ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል፣ አምራቹና ላኪው ገዢን እንዲያገኙ ምክር ይሰጣል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲነበብ መልካም ነው። ጥርጣሬዬ የሚጀምረው ክርክሩ ሁሉ በቀረጥ ዙሪያ መሽከርከሩን ሳይ ነው፤ ደጋፊው «ገበያ ይከፈትልናል» ይላል፣ ተቃዋሚው «ገበያችን ይከፈትብናል» ይላል፣ ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ በሩ ነው። በሩ እኮ ለእኛ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተከፍቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር ማናቸውንም ሸቀጥ፣ ሩዝና ስኳርም ሳይቀሩ ጥቂት ዓመት ዘግይተው፣ ከዝቅተኛ ዕድገት አገሮች ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ለመቀበል ወስኗል፤ አባልነትንም አልጠየቀም። በወንጌሉ ምሳሌ ወደ ሰርጉ ከተጠራ በኋላ የሰርግ ልብስ ያልለበሰው ሰው በመጠራቱ እንዳልተጠቀመ ሁሉ፣ የእኛም ገበሬ የጎደለው መጠራቱ ሳይሆን ልብሱ ነው። ልብስ ያልኩትም ሸቀጡ ከአውድማ ወጥቶ ገዢው ዘንድ እስኪደርስ ባለው መንገድ የሚደረግለትን ሁሉ ነው፤ መድረቁን፣ መበጠሩን፣ መፈልፈሉን፣ በደረጃ መለየቱን፣ ከሁሉ በላይም «ይህ ይህ ነው» ብሎ በፊርማ የሚመሰክርለት ወገን መኖሩን።

ወረታ ያለችበትን ፎገራን እንውሰድ። ርብና ጉማራ ከደጋው ወርደው ወደ ጣና ሲፈስሱ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ፣ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጥቂት የገበሬዎች ማኅበራት እጅ ሩዝ ከተሞከረበት ጊዜ ወዲህ፣ ውኃው የሚያባርረውን ሰብል ትቶ ውኃው የሚወደውን ይዞ የብዙ ቤተሰብ ሲሳይ ሆኗል። ዛሬ ከፎገራ አልፎ በደራና በሊቦ ከምከም ይዘራል፤ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጭዱን ከብቱ ይበላዋል። ለዘሩ አሳቢ አላጣም፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ተቋቁሟል፣ ጃፓኖችም በባለሙያ ረድተዋል፣ የርብን መስኖ የዓለም ባንክ ደግፎታል። ስለዚህ ስለ ምርቱ ማነስ ብቻ ማውራት ነገሩን አይገልጠውም።

ነገሩ የሚበላሸው ከአጨዳ በኋላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የታጨደው ሩዝ በመሬት አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈርና ጠጠር ይገባበታል። ፀሐይ ላይ ያለ ልክ የደረቀው ፍሬ ወፍጮ ሲነካው ይሰነጠቃል። ከአንዱ ማሳ የመጣው አጭር ፍሬ ከሌላው ረጅም ፍሬ ጋር፣ ነጩም ከቀዩ ጋር በአንድ ጆንያ ስለሚቀላቀል መኪናው ለየትኛው እንደሚስተካከል አያውቅም። በወረታና በዙሪያዋ ካሉት ወፍጮዎች ብዙዎቹ ገለባውንና የውስጡን ልጣጭ በአንድ ጊዜ የሚልጡ ቀላል መኪናዎች በመሆናቸው ከፍሬው ብዙው ተሰባብሮ ይወጣል። የባሕር ዳር ወይዘሮ ይህን ሩዝ ገዝታ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ጠጠሩን ስትለቅም ከምትውል፣ ከህንድ ወይም ከፓኪስታን መጥቶ በላስቲክ የታሸገውን ጥቂት ጨምራ ብትገዛ ማን ይፈርድባታል? በዚህ ምርጫዋ ውስጥ ቀረጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ገበሬውም ቢሆን የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል ባጨደ ማግሥት ሲሸጥ ነጋዴው የሚጠይቀው ስንት ኩንታል እንደ ሆነ እንጂ እንዴት እንደ ደረቀ አይደለም፤ ንጹሕ ያቀረበውና ጠጠር የቀላቀለው ተቀራራቢ ዋጋ ከተከፈላቸው፣ ንጹሕ ያቀረበው በሚመጣው ዓመት ያን ያህል የሚደክምበት ምክንያት አይኖረውም። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በክልሉ የደረሰው ግጭት መንገዱን በየጊዜው ሲዘጋው፣ ለመምረጥና ለመደራደር የሚሆን ጊዜ ፈጽሞ ይጠፋል።

ከሜዳው ወደ ሐይቁ ማዶ ስንሻገር ደግሞ የምስክሩ ነገር በሌላ መልክ ይገጥመናል። ዘጌ ከአበው በወረደው ሥርዓት ማረስም ከብት ማርባትም የተከለከለባት፣ ነዋሪዋ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ የሚተዳደርባት፣ በገዳማቷ ጥላ ሥር ደን የቆየባት ምድር ናት፤ የአቡነ በትረ ማርያም ስም በዚያ የሚጠራውም ከዚሁ ሥርዓት ጋር ነው። ዛሬ ዛፉ ለማገዶ እየተቆረጠ መሳሳቱ አይካድም፤ ሆኖም ቡናን በደን ጥላ ስለ ማሳደግ ከተነገረ ከዘጌ መነኮሳትና ገበሬዎች የበለጠ የሚናገር ማን ነው? በሰኔ 2015 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን (ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ቢተላለፍም) ቡናው የበቀለበት መሬት ከታኅሣሥ 2013 ወዲህ ደን ያልተመነጠረበት መሆኑ፣ የእያንዳንዱ እርሻ ቦታ በሳተላይት መለኪያ ተመዝግቦ እንዲረጋገጥለት ይጠይቃል። ለብዙ ዘመናት ደንን በግዝት የጠበቀ ሕዝብ፣ ማስረጃው ግዝት እንጂ ካርታ ስላልሆነ፣ በዚህ መዝገብ ፊት ደኑን ትናንት ከመነጠረው ሰው ተለይቶ አይታይም። አብዛኛው የዘጌ ቡና በባሕር ዳር ገበያ ስለሚሸጥ ጉዳቱ ዛሬ አይሰማ ይሆናል፤ ወደ ውጭ እንውጣ ባሉ ቀን ግን የሚያስቆማቸው ቀረጥ አይደለም፤ ቀረጡ ዜሮ ነውና።

እንግዲህ ዓለም አቀፉ ድጋፍ በአውድማውና በገዢው መካከል ካለው ከዚህ ስፍራ ምን ያህል ይደርሳል? እንደማየው ከሆነ ርዳታው ሁለቱን ጫፎች ይወዳል። በላይኛው ጫፍ ሕግ ይረቀቃል፣ ተደራዳሪ ይሠለጥናል፣ ዐዋጅ ይመረመራል፤ ይህ በሪፖርት ለመቁጠር ይመቻልና። (ባሕር ዳርም ከዚህ በረከት ተካፋይ ናት፤ ሐይቁን በሚያዩት ሆቴሎች ስለ ዐቅም ግንባታ የሚደረገው ዐውደ ጥናት ብዙ ነው፣ ባለ ወፍጮው ግን ከተጋባዦቹ መካከል እምብዛም አይታይም።) በታችኛው ጫፍ ዘር፣ መስኖና ማዳበሪያ ይቀርባል፤ ይህም ለፎቶግራፍ ይመቻል። መካከሉ፣ ማለትም ማድረቂያው፣ መፈልፈያው፣ መጋዘኑና መስካሪው፣ አንዱ ለግል ነጋዴ የሚተወው፣ ሌላው የመንግሥት ነው የሚለው የሙት ልጅ ሆኗል። ፍትሐዊ ለመሆን የዓለም ባንክ በ2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ የጥራት መሠረተ ልማት 50 ሚሊዮን ዶላር ማጽደቁን፣ በአዲስ አበባም የጥራት መንደር መገንባቱን መናገር ይገባል። ይሁን እንጂ ከወረታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ቤተ ሙከራ ለላኪው ድርጅት ያገለግል ይሆናል እንጂ፣ ጆንያውን በጋማ ከብት ጭኖ ለገበያ ለሚያወርደው ሰው ምን እንደሚያደርግለት አይታየኝም።

አባልነቱን የሚደግፉት ሰዎች አንድ ክርክር ግን ከልብ ሊሰማ የሚገባው ነው። አሜሪካ አጎዋ በተባለው የንግድ ሕጓ የሰጠችንን ያለ ቀረጥ የመግባት ዕድል ከ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ውሳኔ ነሣችን፤ የተሰጠ ስጦታ እንዲህ ይነሣል፣ በውል የተገኘ መብት ግን ከሳሽና ዳኛ አለው ይላሉ። እውነት ነው፤ ምንም እንኳ የድርጅቱ የይግባኝ ችሎት ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ዳኞች ስላልተሾሙለት ሥራ ፈትቶ ቢኖርም፣ ሕግ ካለመኖሩ ሕግ መኖሩ ይሻላል። ኔፓል ግን በ1996 ዓ.ም. አባል ሆና ከብዙ ዓመት በኋላም ወደ ውጭ ከምትሸጠው ይልቅ ከውጭ የምትገዛው እጅግ በዝቶ መኖሩ፣ ውሉ ብቻውን ሸቀጥ እንደማያመርት ያሳያል። «አባል ብንሆን ገበያው ይከፈትብናል» የሚሉትም ጊዜው ያመለጣቸው ይመስለኛል፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ፈቅዷል፣ በሐምሌ 22 ቀን 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቋል፣ በታኅሣሥ 2017 ባንኩን ለውጭ ድርጅቶች ከፍቷል። ያስፈራን የነበረው ብዙው ነገር ያለ ጄኔቫ ፊርማ ተፈጽሟል።

ስለዚህ ለእኔ ክርክሩ ከ«እንግባ» እና «አንግባ» ወደ ዝርዝሩ መውረድ አለበት፤ ዝርዝሩም ቀረጥ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ነው። በዓለም የጉምሩክ መዝገብ ሩዝ አንድ ሸቀጥ ሳይሆን አራት ነው፤ ከነገለባው ያለው፣ ገለባው ብቻ የተነሣለት፣ ተፈልፍሎ የነጣውና የተሰበረው። ልዑካኑ ለአራቱም አንድ ጣሪያ ቢጽፉ፣ የነጣው ሩዝ በቀጥታ ከመርከብ ወደ ሱቅ ይገባና የወረታ ወፍጮ ሥራ ያጣል፤ ከእርሱም ጋር ጆንያ ተሸካሚው፣ አበጣሪዋና ገለባውን ለማገዶ የሚገዛው ሰው። ከነገለባው ላለው ዝቅ ያለ፣ ለነጣው ከፍ ያለ ጣሪያ ጽፈው፣ ከፍ ያለው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንዲወርድ ቢዋዋሉ ግን፣ በዚያ መካከል ጠጠር የሚለይ መኪናና በየቀበሌው የሚመዝንና ደረጃ የሚያወጣ ሰው ለማቆም የሚበቃ ጊዜ ይገኛል፤ የንግድ ርዳታውም ከተለመነ ለዚህ ይለመናል። ልዑካኑ ከጄኔቫ በተመለሱ ቁጥር ጋዜጠኞቻችን የሚጠይቋቸው ድርድሩ በመቶ ስንት እንደ ደረሰ ነው። የፎገራ ሰው ቢጠየቅ ግን ማወቅ የሚፈልገው በሩዝ አንቀጽ ሥር በሦስተኛው መሥመር የተጻፈው ቁጥር ስንት እንደ ሆነ፣ ከስንት ዓመት በኋላ መውረድ እንደሚጀምርና እስከዚያ ድረስ ለወፍጮው ማን እንደሚያበድር ነው።