«ውሃ አፍልቶ መጠጣት» ሙሉ ማርክ አያሰጥም

የሳይንስ መምህራን የቻናሌ ቤተሰቦች፣ ፈተና ስታርሙ ውሃ እንዴት ንጹህ እንደሚሆን ለሚጠይቅ ጥያቄ «ውሃ አፍልቶ መጠጣት» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ አትስጡት። መጀመሪያ «ውሃው ውስጥ ምን አለና?» ብላችሁ ጠይቁት።

ታይፎይድ፣ ኮሌራ፣ አሜባና ጃርዲያ የሚያመጡት ተህዋሲያን ውሃ ሲፈላ ይሞታሉ። ፍሎራይድ ግን ማዕድን ነው፤ ምኑ ይሞታል? በወንጂና በመቂ በኩል የምታስተምሩ፣ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ ጥርሳቸውን ስላልፋቁ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ዐለት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ ጥርሳቸው ገና ሳይበቅል ጎድቶታል። ሲብስ አጥንትም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከዚህ የሚያልፉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ ውሃው እያነሰ በሄደ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ያለው አማራጭ ሌላ የውሃ ምንጭ መፈለግ ወይም እንደ አጥንት ከሰል ባለ ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። ክሎሪንም እዚህ ላይ አያድንም።

ደግሞ ከቦኖ ንጹህ ሆኖ የተቀዳው ውሃ ቤት ውስጥ ይበከላል። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ኩባያ ሲጠለቅ ጣትም አብሮ ይጠለቃል። (እንስራ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም፤ እናቶቻችን በዚህ ይበልጡናል።) ባልዲውን ባለ ክዳን፣ ኩባያውን ባለ ረጅም እጀታ አድርጉት።

ጣቱም ንጹህ እንዲሆን እጅ መታጠብን በሥዕል ከማስተማር ይህን ሞክሩ። የሁለት ተማሪዎችን እጅ ዘይት ቀብታችሁ የደረቀ የቡና አተላ ነስንሱበት። አንዱ በውሃ ብቻ ይታጠብ፤ አተላው ጥፍሩ ሥርና ጣቶቹ መሃል ተጣብቆ ይቀራል። ሌላው በሳሙና ሲታጠብ ዘይቱ ይለቅና አተላውን ይዞ ይወርዳል። የኋላ ወንበር ረባሾች ሳይቀሩ ለማየት ይጋፋሉ።

ከክፍል ሲወጡ ግን መጸዳጃ ቤቱ ጋ ውሃም ሳሙናም ከሌለ ያስተማራችሁት ሁሉ ለፈተና ብቻ ነው። በጀት እስኪመጣ አትጠብቁ። 5 ሊትር ጀሪካን አንገቱ አጠገብ ብሱ፣ በእንጨት ላይ አንጠልጥሉ፣ በእግር የሚረገጥ እንጨት በገመድ እሰሩለት፣ ሳሙናውንም በክር አጠገቡ ስቀሉ። የሠራችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ሌሎች እንዲያዩት እዚሁ ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ።