የፋይል ኅዳግ፦ በሊኑክስ የሥርዓት ዳይሬክተሪዎችን ስለ መገልበጥ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ንግሥት እሌኒ ካሳነጿት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በመርጡለ ማርያም ላደገ ተማሪ የብራና መጽሐፍ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን አድባራት ወንጌል የንባብ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የሰነድ ማኖሪያም ነበር፤ የጉልት ስጦታና የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ በኅዳጉና በባዶ ገጾቹ ላይ ይሰፍር ነበር። አንድ ጸሐፊ ወንጌሉን አንዲት ፊደል ሳይገድፍ ገልብጦ ኅዳጉን ቢተው፣ አዲሱ መጽሐፍ ለንባብ ምሉዕ ነው፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ለሚጠይቅ ዳኛ ግን መልስ የለውም።

የሊኑክስ ፋይልም እንዲሁ ኅዳግ አለው። ይዘቱ በአንድ ስፍራ ሲቀመጥ፣ የባለቤቱ ቁጥር፣ የቡድኑ ቁጥር፣ የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ፈቃዱ እንዲሁም የተለወጠበት ጊዜ አይኖድ በሚባል ሌላ መዝገብ ይያዛሉ። ተራ ፎቶግራፍ ሲገለበጥ ይህ መዝገብ ቢጠፋ የሚያስተውለው የለም። የሥርዓቱ ዳይሬክተሪ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ሀርድ ዲስኩ ሞልቶ፣ ቫር የተባለውን ዳይሬክተሪ ወደ አዲስ ዲስክ ማዛወር አስፈለገ እንበል። ሩት ሆነን ሲፒ በሚለው ትእዛዝ ከትንሹ አር ጋር ብቻ ብንገለብጥ ይዘቱ ሁሉ ይደርሳል፤ የፋይሎቹ ባለቤት ግን ሩት ይሆናል። በራሱ ስም የሚሠራው ማይኤስኪውኤል የገዛ ፋይሎቹን መክፈት ተስኖት አልነሣም ይላል። ዩኤስአር በዚህ መንገድ ቢገለበጥ ደግሞ ሱዶና ፓስወርድ መቀየሪያው ፕሮግራም ለጊዜው የሩትን ሥልጣን የሚያውሳቸውን ልዩ ምልክት ያጣሉ፤ በቦታቸው እያሉም ሥራቸው ይቆማል።

መፍትሔው አጭር ነው፤ በአር ፈንታ ትንሹን ኤ መጠቀም። እኛ ግን አርሲንክን እንመርጣለን። አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማኬራስ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ይህ ፕሮግራም መብራት ጠፍቶ ቢቋረጥ፣ ዳግም ሲታዘዝ ቀድሞ የደረሱትን ፋይሎች አልፎ የቀሩትን ብቻ ይገለብጣል። ከትንሹ ኤ ሌላ ትልልቆቹ ኤች፣ ኤ እና ኤክስ ሊታከሉለት ይገባል፤ ለአንድ ፋይል የተሰጡ ተደራራቢ ስሞችንና ተጨማሪ ፈቃዶችን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። በምንጩ ስም መጨረሻ ላይ የምትደረገው እዝባር ትንሽ ብትመስልም ትርጉም አላት፤ ካለች የሚገለበጠው የዳይሬክተሪው ውስጥ ነው፣ ከሌለች ዳይሬክተሪው ራሱ በአዲሱ ዲስክ ውስጥ ሌላ ቫር ሆኖ ይቀመጣል።

ሥርዓቱን በሙሉ ለሚገለብጥ ሰው ፕሮክና ሲስ መዘለል አለባቸው። እነዚህ ከርነሉ በማስታወሻው ላይ የሚፈጥራቸው እንጂ በዲስክ ላይ ያሉ አይደሉም፤ በፕሮክ ውስጥ ያለው ኬኮር የተባለ ፋይል በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ 128 ቴራባይት የሚያህል መስሎ ይታያል።

ግልበጣው የሚከናወነው አገልግሎቶቹ ከቆሙ በኋላ ነው፤ ይልቁንም ኮምፒውተሩን ከሌላ ሲዲ ወይም ፍላሽ ማስነሣት ይመረጣል። በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ ሲገለበጥ ግማሹ የቀድሞ፣ ግማሹ የኋላ ይሆናልና። በፋት የተዘጋጀ ፍላሽ ለመሸጋገሪያ አይበጅም፤ ለባለቤትና ለፈቃድ የሚሆን ኅዳግ ከቶ የለውም። ግድ ከሆነ ሁሉን በታር አንድ ጥቅል ማድረግ ይቻላል፤ ጥቅሉ ግን ከ4 ጊጋባይት ማለፍ የለበትም።

ከዚያ በኋላ አርሲንክን ከኤን፣ ከሲና ከአይ ጋር ደግመን እናዛለን፤ ምንም ሳይገለብጥ ይዘቱን አመሳክሮ ልዩነት ካለ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ የቀድሞውን ዳይሬክተሪ ሳናጠፋ ስሙን ብቻ እንለውጥና በምትኩ ባዶ ቫር እንፈጥራለን። አዲሱን ፓርቲሽን በኤፍኤስታብ ስንመዘግብም በዩዩአይዲ መለያው እንጂ ኤስዲቢ በመሰለ ስም አይሁን፤ ሌላ ዲስክ ሲሰካ ይህ ስም ሊለዋወጥ ይችላል።

ስም መለወጡን የዘነጋ ሰው አዲሱ ዲስክ በአሮጌው ዳይሬክተሪ ላይ ስለሚደረብ አሮጌው ከዓይኑ ይሰወርበታል፤ ቦታውን ግን እንደያዘ ይቀራል። ከዝውውሩ በኋላም የቀድሞው ዲስክ ሙሉ ሆኖ ከታየ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።