አዲስ ቤት ሲሠራ ስለ አሸንዳና ስለ ውሃ መውረጃው አቀማመጥ

በየወረዳው የእህል ጐተራ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት በሚሠራበት ጊዜ የአሸንዳ ነገር የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ፣ ይኸውም ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አናጢው መውረጃውን ለእርሱ በቀለለው ማዕዘን ይሰቅለዋል፤ ውሃውም በግድግዳው ሥር ይወርዳል። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከላይ ከሚመታው ዝናም ይልቅ ከሥሩ በሚጠጣው ውሃ ይጐዳል። ልስኑ ይረግፋል፤ የቋሚው እንጨት ሥር ይበሰብሳል፤ በውስጥም በግድግዳው ተጠግቶ ለመስከረም ዘር የተቀመጠው ሽምብራ ይሻግታል። ባለቤቱ ይህን የሚያየው እርሻው ታርሶ ዘር ሊያወጣ ጐተራውን ሲከፍት ነው።

የውሃው ብዛት ቀላል አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይኾናል። እንግዲህ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር መሬት የሚሸፍን ጣራ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናም በሚዘንብበት ደጋ 48,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል። ይህም ዓመቱን ኹሉ ተካፍሎ የሚመጣ ሳይኾን አብዛኛው በክረምት የሚወርድ ነው። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ኀይለኛ ዶፍ በመጣ ጊዜ ከዚሁ ጣራ በየደቂቃው 80 ሊትር ይፈስሳል።

ስለዚህ የመውረጃው ቦታ መወሰን ያለበት መሠረቱ ሳይቈፈር ነው። አስቀድሞ የመሬቱን አቀማመጥ መመልከት ይገባል። መውረጃው በቁልቁለቱ በኩል ባለው ማዕዘን ቢኾን ውሃው ቤቱን ሳይነካ ይሄዳል፤ በዳገቱ በኩል ቢኾን ግን የወረደው ውሃ ተመልሶ በመሠረቱ ሥር ያልፋል። በደጃፍ አጠገብ፣ በመጸዳጃ ጕድጓድ በኩል ወይም ወደ ጐረቤት ግቢ ማውረድም አይገባም። በጐረቤት ላይ የተለቀቀ አሸንዳ ለዳኛ ምን ያህል ሥራ እንደሚያመጣ ሹማምንት ኹሉ ያውቁታል።

ውሃውን ለማጠራቀም የታሰበ እንደ ኾነ የበርሜሉ ስፍራ ከመውረጃው ጋራ ባንድነት ይታሰብ። 200 ሊትር የያዘ በርሜል ከራሱ ክብደት ሌላ 200 ኪሎ ስለሚመዝን በለስላሳ አፈር ላይ አይቆምም፤ የድንጋይ መደብ ይሠራለት። የመጀመሪያው ዝናም የጣራውን አቧራና የወፍ ኵስ ያጥባልና ወደ ውጭ ይለቀቅ። ትንኝ እንዳይራባበት የበርሜሉ አፍ በደቃቅ ወንፊት ይከደን፤ ሲሞላም ትርፉ የሚሄድበት ቦይ ይበጅለት።

አሸንዳው ራሱ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘንብል፤ ይህም በዐይን ግምት ሳይኾን በውሃ ልክ ይለካ። የውጭው ከንፈር ከውስጠኛው ጥቂት ዝቅ ይበል፤ አሸንዳው ሞልቶ በፈሰሰ ጊዜ ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይኾን ወደ ውጭ ይፈስሳልና። ስፋቱም ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣራ ከ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያነሰ አይኹን፤ ቅጠል የሚረግፍበት ግቢ እንደ ኾነ ከዚህ ይብለጥ። መውረጃው መሬት ሲደርስ በክርን ወደ ውጭ ይዙር፤ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ፤ ከዚያ በቦይ ወደ ጌሾው ወይም ወደ ዛፉ ይመራ።

የሣር ክዳን ላለው ቤት አሸንዳ አይመችም፤ ክፍክፉን ማስረዘምና ከጠፈጠፉ ውጭ ቦይ መቅደድ ይበቃዋል።

የቆርቆሮው ቤት አሸንዳ ግን በግንቦት መጨረሻ፣ ባሕር ዛፍም በአጠገቡ ካለ በሐምሌ ዝናሙ ባባራ ጊዜ እንደ ገና ይጠረግ።