ማዕድ ቤት የሚውል ትምህርት ቤት

ቴክሳስ ውስጥ ስምንት ልጆች ያሉበትን አንድ ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ትልቋ 16 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ገና ድክ ድክ ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ በበሩ ፊት ያልፋል፤ ከዚያ ቤት ግን ቦርሳ አዝሎ የሚወጣ ልጅ የለም። የቁርሱ ሳህን ይነሣል፣ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ እዚያው ላይ መጽሐፍ ቅዱስና ደብተር ይዘረጋል። ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ሆምስኩል» የሚሉት ይህንን ነው።

ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ባደረገው ጥናት በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤት የሚማሩት ልጆች 850 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 1.5 ሚሊዮን ደርሰዋል። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ባሰባሰበው መረጃ መሠረት፣ ልጆቻቸውን ቤት እናስተምራለን ያሉ ቤተሰቦች በ2020 ጸደይ ከመቶ 5.4 የነበሩት በመጸው 11.1 ሆኑ። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ለውጡ ከዚህም የበለጠ ነበር፤ ከ3.3 ወደ 16.1። ቤት ከሚያስተምሩት ቤተሰቦች መካከል ሃይማኖት ምክንያታቸው ያልሆነ፣ አንድና ሁለት ልጅ ብቻ ያላቸውም ብዙ ናቸው። እኔ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ግን ልጅ የበዛበትን የክርስቲያን ቤት ነው፤ የዚህ ትምህርት መልክ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

የእነዚህ ቤቶች መሠረት ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ነው። ወላጅ የእግዚአብሔርን ቃል ቤት ተቀምጦም፣ መንገድ ሲሄድም፣ ሲተኛም፣ ሲነሣም ለልጁ እንዲያስተምር የታዘዘው እዚያ ነው። ትእዛዙ ለአባትና ለእናት ከተሰጠ ሌላ ሰው እንዴት ይወስደዋል ይላሉ። የልጆቹ መብዛት ደግሞ በከፊል ከመዝሙር 127 ጋር ይያያዛል። ልጆችን በጀግና እጅ ካለ ፍላጻ ጋር የሚያመሳስለው መዝሙር፣ በእኛ ዳዊት 126ኛው፣ ነው። እንግሊዝኛው ኮሮጆውን በእነዚህ ፍላጻዎች የሞላ ሰው ብፁዕ ነው ሲል፣ ከሰባ ሊቃናት የወረደው የግእዙ ንባብ ግን ምኞቱን ስለሚፈጽም ሰው ይናገራል። የወሊድ መቆጣጠሪያን ጨርሰው የማይቀበሉ አንዳንድ ቤተሰቦች ከዚያው ከእንግሊዝኛው ቃል «ኩዊቨርፉል» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ልጅ የበዛበት ሁሉ ግን የእነሱ ወገን አይደለም፤ ብዙዎቹ ልጅ በረከት ነው ብለው የወለዱ ተራ ምእመናን ናቸው።

አንዲት እናት ስምንት ልጆችን በስምንት ክፍል ደረጃ እንዴት ታስተምራለች? አታስተምርም። የቤቱ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠዋቱ የጋራ ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መዝሙር፣ ታሪክ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚነበብ መጽሐፍ። የ6 ዓመቱም የ14 ዓመቷም አንድ ምዕራፍ ይሰማሉ፤ የሚጠየቁት ግን እንደ ዕድሜያቸው ነው። ትንሹ የሰማውን በቃሉ ይተርካል፣ ትልቋ ትጽፈዋለች። ይህን በቃል መልሶ መተረክ የትምህርት ዘዴ አድርጋ ያስፋፋችው ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) የምትባል እንግሊዛዊት መምህርት ናት። አጭር ትምህርት፣ ጥሩ መጽሐፍ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ወፍና ቅጠል ማየት፤ ያስተማረችው ይህንን ነበር። ከሞተች መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ የአሜሪካ እናቶች ስሟን እንደ ጎረቤታቸው ስም ይጠሩታል። የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው ነገሩ አይገርመውም፤ የሰማውን በቃሉ መመለስ ያልቻለ ተማሪ ወደሚቀጥለው እንደማያልፍ ያውቃል።

ሒሳብና ንባብ ግን በጋራ አይሆኑም። የ5 ዓመቱ ልጅ ሶፋው ላይ ከእናቱ ጎን ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ሕፃኑ በሌላው ክንዷ ላይ ነው። ጣቷን ከቃሉ ሥር ቀስ አድርጋ ታስኬዳለች፤ ልጁ ድምፆቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ይገጣጥማል። እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች የዚህን ድካም አናውቀውም። «መ» ሁልጊዜም «መ» ናት። እንግሊዝኛው ግን «ሲ» የምትባለውን ፊደል «ካት» ላይ «ክ»፣ «ሲቲ» ላይ «ስ» ያደርጋታል። ስለዚህ ድምፅን ከፊደል የሚያጋጥመው «ፎኒክስ» የሚባለው ትምህርት በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ለወራት ይደጋገማል። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን አንብቦ ሲጨርስ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። ለዚያች እናት ይህ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ልጇ ነው፤ ለእሱ ግን የመጀመሪያው ነው፣ እሷም እንደ መጀመሪያው ትደሰታለች።

በዚህ መካከል የ10 ዓመቱ ልጅ ከጠረጴዛው ጥግ የሒሳብ መጽሐፉን ይዟል። ብዙ ቤት የሚገኘው ጆን ሳክሰን የተባለ ጡረታ የወጣ የአየር ኃይል መኮንን ያዘጋጀው መጽሐፍ ነው፤ ትንሽ አዲስ ነገር ያስተምርና የቆየውን በየቀኑ ይከልሳል። ያልገባውን ሊጠይቅ ሲል እናቱ ከሕፃኑ ጋር ከሆነች ታላቅ እኅቱ ታስረዳዋለች። ስታስረዳው ራሷም ይበልጥ ይገባታል። መጽሐፉም ከልጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ መልሱ በሌላ ደብተር ላይ ስለሚጻፍ የመጀመሪያዋ የተማረችበትን ስምንተኛው ይማርበታል። እናት ደመወዝ በማታመጣበት፣ አባት ብቻውን በሚሠራበት ቤት ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

የቤት ሥራው ከትምህርቱ ተለይቶ አይታይም። በፍሪጁ በር ላይ የየልጁ የሥራ ድርሻ ተለጥፏል፦ አንዱ ሳህን ያጥባል፣ አንዷ ልብስ ታጥፋለች፣ አንዱ ዶሮዎቹን ይመግባል። ልብስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ቀኑ ካለፈ ክምሩ ተራራ ይሆናል። ብዙ እናቶች አንድ ቅዳሜ ሙሉ ያበስሉና ፍሪዘር ይሞላሉ። ለመውጣት ሲነሡ ደግሞ እያንዳንዱ ታላቅ አንድ ታናሽ አለው፤ ጫማውን ያስርለታል፣ 12 መቀመጫ ባለው ቫን ውስጥ ቀበቶውን ያጠብቅለታል። እናት ወንበሮቹን ዞር ብላ ሳትቆጥር አትንቀሳቀስም።

«ታዲያ ከሰው አይገናኙም?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ይገናኛሉ። በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ «ኮ-ኦፕ» ይሉታል። ኬሚስትሪ የምታውቅ እናት የሁሉንም ልጆች ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ ሙዚቃ የሚያውቅ አባት መዘምራኑን ይመራል። በአንዳንድ ስቴቶች ቤት የሚማር ልጅ በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቡድን መጫወት ይችላል። የአምስት ልጆች ታናሽ የሆነው ቲም ቲቦ በፍሎሪዳ ያደገው በዚህ መንገድ ነው፤ በ2007 «አሜሪካን ፉትቦል» በሚባለው ጨዋታ የኮሌጆችን ትልቁን ሽልማት፣ ሃይስማንን፣ ወስዷል። ልጆቹ 16 ሲሞላቸው ብዙዎቹ በአቅራቢያቸው ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ይጀምራሉ፤ የትምህርት ውጤት ማስረጃውን፣ «ትራንስክሪፕቱን»፣ የምታዘጋጀው እናት ናት።

ይህ መብት ያለ ክርክር አልተገኘም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1925 መንግሥት ልጆችን ሁሉ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ሊያስገድድ አይችልም አለ። በ1972 ደግሞ አሚሽ የተባሉት ክርስቲያኖች ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት እንዳይልኩ ፈቀደ። ያም ሆኖ ቤት በማስተማራቸው የተከሰሱ ወላጆች ነበሩ። በ1983 ለእነሱ የሚከራከር የሕግ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1993 ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ስቴቶች ተፈቀደ። አፈጻጸሙ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል። ቴክሳስ ምዝገባም ሪፖርትም አትጠይቅም። ፔንሲልቬንያ በዓመት 180 የትምህርት ቀን፣ የተማሪውን ሥራ የያዘ ፋይልና የገምጋሚ ማረጋገጫ ትፈልጋለች። ጀርመን የምትኖሩ ልብ በሉ፤ እዚያ ቤት ማስተማር አይፈቀድም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ቤቱን ያጠነከረው መቀራረብ፣ በሩ ሲዘጋ፣ አደጋ ይሆናል። በ2008 ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰደች ልጅ በ2011 በዋሽንግተን ስቴት በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በረሃብና በብርድ ሞተች። ሰባት የአብራካቸው ክፋይ ያሏቸው፣ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ። በ2013 ሁለቱም ጥፋተኛ ተብለው ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ትምህርት ቤት ብትውል ኖሮ ክሳቷን የሚያይ መምህር ይኖር ነበር። አገራችን በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን ስትከለክል በልባችን ከነበሩት ልጆች አንዷ እሷ ነበረች።

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው እናት ለልጇ ዕድሜዋን የምትሰጥ ናት። ግን ሳይታይ የሚጎዳ ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ሁለተኛ እናት ሆና የራሷ ትምህርት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ቤት ተምረው ያደጉ ወጣቶች በ2013 «ኮኣሊሽን ፎር ሪስፖንሲብል ሆም ኤጁኬሽን» የተባለ ድርጅት አቁመው ቤት የሚማሩ ልጆች ጥበቃ እንዲኖራቸው መጠየቅ የጀመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። በዓመት አንድ ጊዜ ልጁን የሚያይ የውጭ ሰው መኖሩ የወላጅን መብት አይነካም።

አሜሪካ ሆናችሁ ይህን መንገድ የምታስቡ ወላጆች፣ አንድ ትልቅ ዕድል አላችሁ። የጠዋቱን ሰዓት የምትመድቡት እናንተ ናችሁ፤ ሀ ሁን፣ ዳዊቱን፣ የአያቶቻችሁን ታሪክ በአማርኛ ልታስገቡበት ትችላላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት የስቴታችሁን ሕግ አንብቡ፣ የልጆቻችሁን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ በፋይል አስቀምጡ፣ ለትልቋ ልጃችሁ ማንም የማይነካባት የጥናት ሰዓት ስጧት። ልጆቻችሁንም በየዓመቱ ለሐኪም አሳዩ፤ ቢቻል ከእናንተ ሌላ አንድ መምህር ይወቃቸው።