ከ90 ሚሊዮን ድምፅ የበለጠ አንድ ዝርዝር

«ሳታዩ እንዳትሞቱ፦ 10 ምርጥ ቦታዎች» የሚል ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሳይመጣ የዋለበት ቀን አለ? ጃፓኖች ይህን ነገር የጀመሩት ካሜራ እንኳ ሳይፈጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1643 ሀያሺ ጋሆ የሚባል ምሁር ስለ አገሩ በጻፈው መጽሐፍ ሦስት ቦታዎችን በውበታቸው ለይቶ አነሳ። ዕድሜው ያኔ 25 ገደማ ነው። (እኛ በዚህ ዕድሜ የምንጽፈው ሲቪ ነው።) ቦታዎቹ ዛሬም «ኒሆን ሳንኬይ»፣ ማለትም ሦስቱ የጃፓን ዕይታዎች ይባላሉ። ማትሱሺማ ዛፍ የለበሱ 260 ያህል ትንንሽ ደሴቶች የተበተኑበት ባሕር ነው። ሂሮሺማ አጠገብ ያለችው ሚያጂማ ደግሞ ባሕር ውስጥ በቆመው ቀይ የመቅደስ በሯ ትታወቃለች፤ ውኃው ሲሞላ በሩ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ሲጎድል በእግር ትደርሱበታላችሁ።

የእኔ ምርጫ ግን ሦስተኛው ነው፣ አማኖሃሺዳቴ። 3.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ዛፍ የሞላበት ቀጭን የአሸዋ መሬት ባሕሩን አቋርጦ ተዘርግቷል። ጎብኚው ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሃል ያያል። ሰማይና ባሕር ይገለበጡና አሸዋው ወደ ሰማይ የሚወስድ ድልድይ ይመስላል። ስሙም «የሰማይ ድልድይ» እንደማለት ነው። ለሰልፊ ግን አይመችም።

አሁን ወደ 1927 እንምጣ። የኦሳካና የቶኪዮ ሁለት እህትማማች ጋዜጦች «አዲሶቹን ስምንት ዕይታዎች ምረጡ» ብለው አንባቢውን ጠየቁ፤ ከተራራ፣ ከሐይቅ፣ ከፏፏቴ፣ ከፍል ውኃ፣ ከሌላውም ዘርፍ አንዳንድ። ድምፅ የሚሰጠው በፖስት ካርድ ነው። የአገሩ ሕዝብ 60 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ የመጣው ካርድ ከ90 ሚሊዮን በላይ! ነገሩ ግልጽ ነው፤ መመረጥ ማለት የባቡር መንገደኛ፣ የሆቴል እንግዳ፣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የየአካባቢው ሰው ተደራጅቶ ካርድ በገፍ ላከ። የመጨረሻውን ውሳኔ ግን የሰጡት ጋዜጦቹ የሰየሟቸው ዳኞች ናቸው።

ታዲያ ከስምንቱ አንዱ የኬጎን ፏፏቴ ዛሬም ጎብኚ አይጠፋውም፤ ዝርዝሩ ግን ብዙም ሲነሳ አይሰማም። የሀያሺ ሦስቱ ዛሬም በየቱሪስት ካርታው ላይ አሉ። ለምን? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንደመሆኔ ግምቴ ይኸው፦ ሦስት ነገር በቃል ይያዛል፣ ስምንት ያስቸግራል። ደግሞ ሀያሺን ካርድ ገዝቶ የጎተጎተው መንደር የለም። ሁሉም ለራሱ መንደር ድምፅ ሲገዛ፣ ድምፁ ስለ ውበት መናገሩን ያቆማል፤ የሚናገረው ማን ብዙ ካርድ መግዛት እንደቻለ ነው። በላይክ ብዛት ቦታ የምንመርጥ ሰዎች ይህችን ልብ እንበላት።

የዝርዝሩ ሂሳብ ግን ዛሬም የሚከፈል ነው። ሚያጂማ በጎብኚ ብዛት ስለተጨናነቀች፣ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ እያንዳንዱ ጎብኚ 100 የን ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ ከመርከቡ ቲኬት ጋር ተደምሮ ነው። የደሴቲቱ ነዋሪዎች አይከፍሉም።